ሐይቁ የታለ?

ካልጋሪ የምንኖር ሐበሾች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን የምንወስደው ቦታ አንድ ነው፤ የሮኪ ተራሮች። ይወደው አይወደው እንግዳውን የሚጠይቀው የለም። እኔም በግንቦት፣ ሊጠይቁን የመጡትን አማቼን ይዤ፣ ከጓደኛዬ ቤተሰብ ጋር በሁለት መኪና ተነሳን። ቀጠሮው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር፤ የወጣነው 4 ሰዓት ላይ ነው። ጀበናው ተረስቶ ከመንገድ ተመልሰናል።

ሌክ ሉዊዝ ስንደርስ የመኪና ማቆሚያው ከሞላ ቆይቷል። ግድ የለም ብለን ወደ ጃስፐር በሚወስደው መንገድ ቀጠልን። 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራ ቀኙ ተራራ፣ አናቱ ግግር በረዶ፣ ግርጌው ሐይቅ። ጓደኛዬ ሳምንቱን ሙሉ የሐይቆቹን ፎቶ ሲልክልን ከርሟል፤ ነጠላ ነክረው ቢያወጡበት ቀለም የሚይዝ የሚመስል ሰማያዊ።

ቦው ሐይቅ ዳር ቆምን። አማቼ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወረዱና ወዲያ ወዲህ ቃኙ።

«ልጄ፣ ሐይቁ የታለ?»

«ይኸው ፊት ለፊትዎ አባባ፤ በረዶ ሆኖ ነው።»

«በረዶማ በመጋቢት ስመጣ ደጃፋችሁ ላይ አይቼው የለም እንዴ!»

ምን ይመለሳል? ጥፋቱ የሐይቁ አይደለም። ግግር በረዶው በተራራው ላይ ሲንሸራተት ድንጋዩን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሲቀልጥ ያን የላመ ዱቄት ይዞ ይወርዳል። ብርሃኑን ሰማያዊና አረንጓዴ አድርጎ የሚመልሰው ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ይኸው ዱቄት ነው። እኛ የደረስነው ወፍጮ ቤቱ ሳይከፈት ነዋ! ይባስ ብሎ ልጄ ከትምህርት ቤት የሰማውን አመጣ፤ ካልጋሪን አቋርጦ የሚያልፈው የቦው ወንዝ የሚወርደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። የከተማችን ቧንቧ ደግሞ ከዚያ ወንዝ ይቀዳል። ለካ ያን ሁሉ ነዳጅ ያቃጠልነው የቤታችን የቧንቧ ውሃ ረግቶ ለማየት ኖሯል።

ጥቂት ነድተን የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ራሱን ይዞ «ከፍታው ነው መሰለኝ፣ አዞረኝ» አለ። ቦታው 2,100 ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሰውዬው ደግሞ ተወልዶ ያደገው ሽሮ ሜዳ ነው! አማቼ «ቁርስ ሳትበላ ወጥተህ ነው» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ውጭው ነፋስ ስለሆነ ዶሮ ወጡን መኪና ውስጥ ማሞቂያ ከፍተን በላን። ወንበሩ እስካሁን ቁሌት ቁሌት ይሸታል። ከ230 ኪሎ ሜትሩ 50ውን እንኳ ሳንጨርስ ተመለስን።

ማታ ጓደኛዬ ፎቶዎቹን ላከ። በስልኩ ነካክቷቸው ሐይቁ ሰማያዊ ሆኗል፤ የአማቼ ጋቢም አብሮ። ወዲያው ከአዲስ አበባ ተደወለ።

«አባባ፣ ውሃው እንዴት ያምራል!»

አማቼ ወደ እኔ እንኳ ሳያዩ «ምን ይጠየቃል! ዓይን ያጠግባል እንጂ» አሉ።

የምትሄዱ ካላችሁ ከሐምሌ በፊት አትነሱ። ጀበናውንም ማታውኑ መኪና ውስጥ አስገቡ።