ሲቪል ምህንድስናን በርቀት ተምሮ መውደቅ ለሚፈልግ

ሮብ ገበያ በጮቄ ተራራ ግርጌ ያለች የሲናን ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ ተቀምጦ፣ ሥራውንና ቤተሰቡን ሳይለቅ መሐንዲስ መሆን የሚመኝ ሰው ምኞቱ የሚከበር ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ባይሆንም አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ መዋል ደመወዝ ጠብቆ ለሚያድር አይመችም። ይህን ምኞት ገና ከጅምሩ ማበላሸት ለሚፈልግ ሰው ግን መንገዱ ይኸውና።

መጀመሪያ ስለ ኮሌጁ ፈቃድ አይጠይቅ። የኮሌጁ ማስታወቂያ «እውቅና ያለው» ካለ ይመነው፤ እውቅናው ለየትኛው የትምህርት ዘርፍ፣ ለየትኛው ደረጃ፣ በመደበኛ ወይስ በርቀት መሆኑን አያጣራ። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን በመንግሥትም በግልም ተቋማት ሲያግድ ብዙ ተማሪ ተደናግጦ ነበር፤ እገዳው ኋላ ላልቷል። ሕንድ ውስጥ የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አራት ተቋማት ያለ ፈቃድ በርቀት የሰጡትን የምህንድስና ዲግሪ መረመረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2005 የገቡት ተማሪዎች ዲግሪያቸው ታግዶ እንደገና እንዲፈተኑ፣ ከዚያ በኋላ የገቡት ደግሞ ዲግሪያቸው እንዲሰረዝ ወሰነ። ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው ወረቀታቸውን የተነጠቁት።

ቀጥሎ ላቦራቶሪን ይርሳ። ሞጁል ይበቃዋል ብሎ ያስብ። ኮንክሪት ምን እንደሆነ ግን ሞጁል ብቻውን አያስተምርም። ተማሪው 15 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለውን ኩብ በእጁ ሞልቶ፣ ውኃ ውስጥ አቆይቶ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ ማሽን ሲሰብረው ነው ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው። አፈርም እንዲሁ ነው። የቢቸናና የደጀን መረሬ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፤ ያንን ሳይመረምር መሠረት የሚጥል ሰው ቤቱን ገና ሳይጨርሰው ግድግዳው ይሰነጠቅበታል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የአባይ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው የጎሐ ጽዮንና የደጀን መንገድ ግን በመሬት መንሸራተት ይቸገራል። ጎጃምን ከአዲስ አበባ በሚያገናኝ ቁልቁለት ላይ የሚሠራ መሐንዲስ አፈርን በሥዕል ብቻ ያወቀ እንዲሆን ማንም አይፈልግም።

ቅየሳም ሌላ ጉዳይ ነው። ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ አቁሞ አግድመቱን ማስተካከል፣ ዳገት ላይ ነጥብ መትከል፣ ስህተቱን አስልቶ መልሶ መለካት እጅ ይጠይቃል። ለመውደቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ በቪዲዮ አይቶ ይለፈው።

አሳይመንቱንም ከፍሎ ያሠራ። የቱቶሪያል ቀን የሮብ ገበያ ስለደመቀ ይቅር። ይህ ሰው ሞጁሉን የሚከፍተው ፈተና ሲደርስ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። መዋቅር፣ ውኃ፣ መንገድ፣ አፈር ባንድ ላይ ሲመጡ በክፍያ የተሠራ አሳይመንት አያድንም።

ርቀት ትምህርት ራሱ ጥፋት አይደለም። አሜሪካ ያለው የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስናን በርቀት ያስተምራል፤ ተማሪው ግን ለላቦራቶሪ በክረምት ዕረፍት ግቢው ድረስ ይመጣል። ሒሳቡንና ንድፈ ሐሳቡን ቤት፣ እጅ የሚጠይቀውን ደግሞ ላቦራቶሪ ይማራል። የአማራ ክልል ተማሪም ሊጠይቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሮብ ገበያ ያላችሁ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ክፍያ ከማስገባታችሁ በፊት የተቋሙን ፈቃድ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ኩቡን የት እንደምትሰብሩ፣ አፈሩን የት እንደምትፈትሹ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።