ለእምቦጭ የተሰፋ ቲሸርት

ጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አረሙን ያላወገዘ ሹም፣ አጠገቡ ፎቶ ያልተነሳ ጎብኚ ካለ እስቲ ወዲህ ይበል። አበባው ደግሞ ሐምራዊ ነው፤ ለፎቶ ይመቻል።

አረሙ የሚነቀልበትን የዘመቻ ቀን አይታችኋል? ከከተማ በአውቶቡስ የመጣው ዘማች ኮፍያና ቲሸርቱን ይቀበላል፤ ንግግሩን ይሰማል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ይገባል። አንዱ ሥሩ የተንዠረገገ እምቦጭ ከፍ አድርጎ ካሜራ ይጠብቃል። ካሜራው ወደ ሌላው ከዞረ እዚያው ውሃው ላይ ጣል አድርጎት ሌላ ይመዝዛል። ትንሽ ራቅ ብሎ የደንቢያ ገበሬ እስከ ወገቡ ተነክሮ ከማለዳ ጀምሮ ይጎትታል። ቲሸርቱ ለእሱ አልደረሰውም። (ቁጥሩ አልበቃም ነው የሚባለው፤ መቼስ በቅቶ ያውቃል?) የተነቀለው ዳር ላይ ይከመራል፤ ምሳ ይበላል፤ አውቶቡሱ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ይሞላና ክምሩን ይዞት ይመለሳል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር ተዘምቶበት ነበር፤ ወሩ አለቀ፣ አረሙ አላለቀም።

ማሽንም መጥቶ ነበር። ውጭ አገር ያለው ወገን ሳይቀር አዋጥቶበት በእልልታ ተቀበልነው። ነዳጁን ማን ይሙላ፣ ሲሰበር መለዋወጫውን ማን ያምጣ የሚለው ጥያቄ በእልልታው መሐል ተዋጠ።

ጥፋተኛ ፍለጋ ላይማ ማን ብሎን! ከተሜው «ገበሬው ነው፤ ባሕር ሸሽ እያረሰ ደንገሉን ጨረሰው፤ ማዳበሪያውም ታጥቦ ይገባል» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ከእርሻ የሚወርደውን ደለል ያጣራ የነበረው ደንገሉ ነው። ይህን የሚናገረው ግን ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል፣ የተጠበሰ ዓሣና የታሸገ ውሃ ፊቱ አስቀምጦ፣ «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» ላይ ነው። የባሕር ዳር ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ባለድርሻ የለም። ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራ የነገደ ወይጦ ሰውም በመድረኩ ሲጠራ አላየሁም።

የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላም የሚነቅለው ገበሬው ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ዘመቻ የምታሰናዱ ሰዎች፣ ቲሸርቱን ተዉትና ለገበሬው የጎማ ቦቲ ግዙለት፤ ክምሩን ከውሃው አርቆ የሚወስድበት ጋሪም ጨምሩለት።