ክንፍ አላት፣ መልአክ ግን አይደለችም

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ፤
ካለሁበት ከሮማ

  «የሮማን ሥዕል አይተህ ጻፍልኝ» ባሉኝ መሠረት ይኸው ጻፍኩ። የቫቲካኑ ሰልፉም ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ማኪያቶ የሚታየውን ልንገርዎ።

ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ቡና ቤት ጥግ ፍሊፐር የሚሉት መጫወቻ ቆሟል። እግር ያለው ዘመም ያለ ሣጥን ነው፤ የብረት ኳሷ ስትንከባለል በግራና በቀኝ ያለውን ቁልፍ እየተጫኑ መልሰው ያጎኗታል። የኔ ጉዳይ ግን ከበላዩ የተገተረው ሥዕል ያለበት መስታወት ነው። ይኸኛው የቦሎኛው ዛካሪያ ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ያወጣው «ፋርፋላ» ነው፤ የቢራቢሮ ክንፍ ያላት ሴት አለችበት። ክንፉን ሳይ የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ትዝ ብሎኝ ላማትብ እጄን አነሣሁ፤ ልብሷን ሳይ መለስኩት።

እርስዎ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ይሥላሉ። እዚህ ይህ ሥርዓት የለም። የአሜሪካው ዊልያምስ ኩባንያ በ1979 የሠራው «ጎርጋር» ቀይ ጋኔን ነው፤ ሁለቱንም ዓይኑን ያፈጣል። ይባስ ብሎ ይናገራል! ከፍሊፐር ሁሉ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው አሉ፤ የምሥራች ለመናገር ግን አይደለም። የኒውዮርኩ ከንቲባ ላ ጓርዲያ በ1942 «ቁማር ነው» ብሎ ፍሊፐርን ሲያስከለክል በመዶሻ ያደቀው ነበር፤ እርስዎም እንደሚፈርዱለት አውቃለሁ።

የፍሊፐር ሠዓሊዎቹ እጅ ግን ያስቀናል፣ አጎቴ። እርስዎ ቀለሙን ሞልተው ጥቁሩን መስመር በመጨረሻ ያወጡታል። እነሱ የሚያትሙት በመስታወቱ ጀርባ ስለሆነ ጥቁሩ መስመር ይቀድማል፣ ነጩ ከሁሉ ኋላ ይመጣል፤ ጽሑፉም ተገልብጦ ነው የሚገባው። ከዚያ መብራት እንዳያልፍ የሚፈልጉትን ቦታ ደፍነው ከኋላ አምፖል ይሰቅላሉ። ሲበራ የፋርፋላዋ ሴት ፊቷና ክንፏ ብቻ ቦግ ይላል፤ አላፊ አግዳሚው ሳንቲሙን ከኪሱ ሳያውቀው ያወጣል። ሙዳየ ምጽዋት እንዲህ ቢሠራ ደብራችን ጣራው እስካሁን ባላፈሰሰ ነበር።

ችግሩ የአምፖሉ ሙቀት ቀለሙን ይልጠዋል። የግራ ክንፏ ረግፏል። ለቡና ቤቱ ባለቤት «የእናቴ ወንድም ክንፍ በመሣል የታወቀ ነው» ብዬ የሥዕልዎን ፎቶግራፍ ሳሳየው ሰውዬው ተነሥቶ ጨበጠኝ። ክንፏን ለማደስ ዋጋ እንዲነግሩት ይለምንዎታል። ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚት እንዲያወርዱላት ጠይቄው ነበር፤ እስከ ጉልበት ድረስ ተስማምተናል።

የእህትዎ ልጅ