ሐይቁን አሞት ነው እንዴ?

የጉርድ ሾላ ሰው ዓሣ ሲያምረው ምግብ ቤት ይገባል። የአክስቴ ልጅ ግን የመጣው ከሚኒሶታ ነው፤ «አሥር ሺህ ሐይቅ አለን» የሚለውን በመኪና ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ከሚጽፉት ሰዎች አገር። መጋቢት 26 ፀደይ በገባ ሰሞን፣ ያውም በሁዳዴ፣ ጎህ ሳይቀድ እኔንና እናቱን ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ጭኖ ወደ ዝዋይ ነዳ። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞጆ እስክንደርስ እናትና ልጅ «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» ሲከራከሩ እኔ አፌን ዘጋሁ። መኪናው የእሱ፣ የምኖርበት ቤት የእሷ ነው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ መጀመሪያ ያወጣው ቴርሞሜትር ነው። በገመድ አሥሮ ውሃው ውስጥ ነከረው። እነሱ ዘንድ ፀደይ ማለት በረዶው የሚቀልጥበት ወቅት ነው፤ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይሞቃል፣ ጥልቁ ውስጥ የከረመውም ዓሣ ሙቀቱን ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ ዲግሪው ሳይታወቅ መንጠቆ አይወረወርም። አጠገባችን መረቡን የሚጠግን ወጣት አጥማጅ ጥቂት አየውና፣

«ጋሼ፣ ሐይቁን አሞት ነው እንዴ?» አለ።

ዝዋይ በረዶ አያውቅም። ጥልቅም አይደለም፤ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። እዚህ የሚፈራው ነፋስ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ጭቃውን ከሥሩ ያማስለዋል፣ ጀልባውን ያንገላታል። ስለዚህ መረቡ ማታ ይጣላል፣ ሲነጋጋ ይወጣል። የአክስቴ ልጅ የሚያብለጨልጭ የብረት ዓሣውን ሲወረውር ዞር ብለው ያዩት አባ ኮዳዎቹ ብቻ ናቸው። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚኖረው በውሃው ላይ በሚንሳፈፍ አልጌ ነውና ብረት ምኑም አይደለም። አምባዛ ቢሆን ሥጋ ወዳድ ነው፣ ሊታለል ይችል ነበር፤ እሱ ደግሞ ማታ ማታ ነው የሚወጣው።

«ሴቷማ እንቁላል ከጣለች አትሞክራትም» አለ ወጣቱ። «በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍል። ልጆቿ እስኪወጡ እህል አትቀምስም።»

አክስቴ ከጥላው ሥር ብድግ አለች። «ሰማህ? ዓሣዋ እንኳ ትጾማለች!»

ምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች አንዱ ገባን። በቢላ የተተለተለ ሙሉ ቆሮሶ፣ ቆዳው ገና እየተንጣጣ፣ ከነዳጣው በአፍንጫችን ሥር ወደ ሌላ ጠረጴዛ አለፈ። አክስቴ ሽሮ አዘዘች። እኔም የቤት ኪራዬን አስቤ ሽሮ አልኩ። ልጇ ዝርዝሩን ሁለቴ አገላበጠና አስተናጋጁን ጠጋ በል አለው።

«ወንዱ ዓሣ ይኖራችኋል?»