ከዓመቱ ስለሚቀድመው የዓመት ትዝታ፦ በታላቋ ሙስካት የክብር ማኅበር ሊቃነ መናብርት ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የአንድ ዓመት አመራር ትዝታ፣ በተለመደው አስተሳሰብ፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በኦማን ዋና ከተማ በሙስካትና በዙሪያዋ በሚገኙ፣ የአሜሪካን ሥርዓተ ትምህርት በሚከተሉ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተማሪዎች የክብር ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ የሚመረጥ ወጣት ይህን ትዝታ የሚጽፈው ዓመቱ በተጀመረ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከትምህርት አስተዳደር ይልቅ ለትንቢት ጥናት ይቀርባል። ይህ ጽሑፍ የልማዱን አመጣጥ፣ አሠራርና፣ የሙስካት ነገር ሆኖ ሊታለፍ ስለማይችል፣ የአየር ጠባዩን ይመረምራል፤ የሚመለከተውም አንድን የተለየ ትምህርት ቤት ሳይሆን ልማዱን ነው።

የክብር ማኅበር ሲባል በትምህርታቸው የላቁ ተማሪዎች ተመርጠው፣ ቃል ገብተውና ምልክት ተሰጥቷቸው የሚቀላቀሉት ስብስብ ማለት ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1776 በቨርጂኒያ፣ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ አምስት ተማሪዎች ወደ መሠረቱት ወደ ፋይ ቤታ ካፓ ይደርሳል። ያ ማኅበር በልጅነቱ ምሥጢራዊ ነበር፤ አባላቱ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ልዩ የእጅ አጨባበጥ እንኳ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ምሥጢራዊነቱ ጨርሶ ጠፍቶ፣ ዛሬ የዘሮቹ ዋና ስጋት ሰው ሳያውቃቸው መቅረታቸው ሆኗል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ናሽናል ኦነር ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር በአሜሪካ ርእሳነ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመ ሲሆን፣ ትምህርት፣ አገልግሎት፣ መሪነትና ጠባይ በሚባሉ አራት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ከአራቱ በቁጥር የሚለካው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ተማሪው ከ4.0 ቢያንስ 3.0፣ ወይም ከመቶ 85 ማምጣት ይጠበቅበታል። የቀሩትን ሦስቱን ርእሰ መምህሩ በየዓመቱ የሚሰይማቸው አምስት መምህራን ተቀምጠው በድምፅ ይወስናሉ። አማካሪ የሚባለው ሌላው መምህር ደግሞ ሥራውን ሁሉ ይሠራል፤ ድምፅ ግን የለውም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሥርዓት ለመረዳት ጥቂት ሊቸገር ይችላል፤ ምክንያቱም በእርሱ አገር የተማሪ ክብር በካርዱ ላይ በምትጻፍ አንዲት የደረጃ ቁጥር ተጀምሮ በእርሷው ሲያልቅ ኖሯል። ጠባይም ቢሆን በዚያው ካርድ ላይ «ኤ» ተብሎ ይሞላል፤ ከ«ኤ» በታች ጠባይ ያለው ተማሪም በታሪክ እምብዛም አልታየም። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ አንደኛ በመውጣቱ ስለ ሰው ልጅ ምን እንደ ተማረ እንዲያብራራ አይጠየቅም።

በሙስካት ግን ይጠየቃል፤ የሚጠየቅበትም ቀን ታውቋል። ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚያገለግለውና ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ቅጽ በየዓመቱ ኦገስት 1 ለአዲሱ ዙር ይከፈታል፤ ቀደም ብለው ለሚያመለክቱ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የሚዘጋው ኖቬምበር 1 ነው። ቅጹ ለአመልካቹ ከትምህርት ውጭ ላለው ሕይወቱ አሥር መስመር ይፈቅዳል፤ በእያንዳንዱም መስመር ለሥልጣኑ ስም 50፣ ለተሠራው ሥራ ማብራሪያ 150 ፊደላት መድቧል፤ ክፍተትና ነጠላ ሰረዝም ይቆጠራሉ። ዋናው ድርሰት እስከ 650 ቃላት ድረስ ይሄዳል። የትምህርት ዓመቱ በኦገስት አጋማሽ ገደማ ተጀምሮ በጁን የሚያልቅ በመሆኑ፣ በሜይ የተመረጠ ሊቀ መንበር፣ ክረምቱን ከአገር ውጭ አሳልፎ ሲመለስ፣ ለመምራት፣ በመምራቱ ለመለወጥና መለወጡን በሚገባ ለማስረዳት የሚቀረው ጊዜ አሥር ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ጥናቱ በዚህ አኳኋን የሚጻፈውን፣ ገና ያልሆነውን በኃላፊ ጊዜ የሚተርከውን ጽሑፍ «ቅድመ ትዝታ» ብሎታል። ከኖቬምበር እስከ ጁን ያሉት ወራት ደግሞ ዓመቱ የተጻፈለትን ትዝታ ለመድረስ የሚሮጥባቸው ስለሆኑ «የማሟያ ወራት» ተብለዋል።

የቅድመ ትዝታ አስቸጋሪው ክፍል ውድቀት ነው። ከድርሰቱ አማራጭ ጥያቄዎች አንዱ አመልካቹ ያጋጠመውን መሰናክል ወይም ውድቀት እንዲተርክና ከዚያ የተማረውን እንዲገልጽ ስለሚጋብዝ፣ ያልወደቀ መሪ ባለ ብዙ ጉድለት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሊቀ መንበር ውድቀቱን በሴፕቴምበር ያመቻቻል። ውድቀቱ የራሱ ጥፋት እንዲመስል ትልቅ፣ የእርሱ ጥፋት እንዳይሆን ደግሞ ትንሽ መሆን ይኖርበታል፤ ገንዘብ የጎደለበት ወይም ሰው የተጎዳበት ውድቀት ለዚህ ግልጋሎት አይውልም። እስካሁን በተገኘው ልምድ ከሁሉ የሚመረጠው ጥቂት ሰው ብቻ የመጣበት ዝግጅት ሲሆን፣ ይህን ለማግኘት ዝግጅቱን ዓርብ ጠዋት ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በኋላ መሪው «ማዳመጥን ይማራል»፤ በሁለተኛው ዝግጅት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ብዙ ሰው ይመጣል። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ርቀት የመንፈስ ዕድገት ይባላል።

የዓርብና የቅዳሜ ነገር ከተነሣ፣ ኦማን የሳምንት መጨረሻ ዕረፍቷን ከሐሙስና ዓርብ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ያዛወረችው እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ነው። የናሽናል ኦነር ሶሳይቲ ዋና ጽሕፈት ቤት ግን በሬስተን፣ ቨርጂኒያ ይገኛል፤ እዚያ እሑድ ተዘግቶ ይውላል፣ እዚህ ዓርብ ተዘግቶ ይውላል፤ የሁለቱ ወገኖች ሥራ የሚገጣጠምባቸው ቀናት አራት ብቻ መሆናቸው የሙስካት ቅርንጫፎቹ ለምን ይህን ያህል ነፃነት እንደሚሰማቸው በከፊል ያስረዳል። ከተማይቱ ራሷ በሐጀር ተራሮችና በባሕሩ መካከል ተጨንቃ ከመጥረህ እስከ ሲብ በቁመቷ የተዘረጋች በመሆኗ፣ አንድ አባል ለአንድ ሰዓት በጎ ሥራ በሱልጣን ቃቡስ ጎዳና ላይ በመኪና የሚያጠፋው ጊዜ ይመዝገብለት ወይስ አይመዝገብለት የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። ሰዓት በማኅበሩ ዘንድ መገበያያ ነው። አባሉ የሠራውን ሰዓት በቅጽ ይሞላል፣ ሰው ያስፈርማል፣ ለጸሐፊው ያስረክባል፤ የሊቀ መንበሩ ዓመትም በአብዛኛው ያልሞሉትን በዋትስአፕ ግሩፕ መለመን ነው። በእድር ውስጥ ሐዘን ቤት ሄዶ ድንኳን የተከለ ሰው የተከለበትን ሰዓት በቅጽ ሲያስፈርም አይታይም፤ የሚመዘገበው የቀረው ነው፣ የሚቀጣውም እርሱ ነው። የክብር ማኅበሩ ይህን ሥርዓት ገልብጦ የመጣውን መዝግቦ፣ የቀረውን በማስታወሻ ያባብላል። ከሁለቱ የትኛው ብዙ ድንኳን እንደሚያስተክል ለመወሰን የሚያስፈልገው ምርምር ረጅም አይመስልም።

አገልግሎቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ባሕር ዳርቻ ማጽዳት፣ ውኃ ማደልና ኬክ መሸጥ። በቁሩምና በአል አዛይባ ዳርቻዎች የሚደረገው ጽዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ ጓንትና ከረጢት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የተለቀመው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይመዘናል፤ በመጨረሻም አባላቱ ከድካማቸው የተነሣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይጠጣሉ። የውኃ እደላው ዒላማ በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች ናቸው። መንግሥት ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡30 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በፀሐይ ላይ ማሠራትን የከለከለው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ነው፤ በእነዚያው ወራት ደግሞ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ አባላቱም ወደ ቀዝቃዛ አገሮች ይሄዳሉ። ስለዚህ ውኃው የሚታደለው ጥማቱ ከፍተኛ በሆነበት ሳይሆን የቀነ ገደቡ ጥማት ከፍተኛ በሆነበት ወር፣ በኦክቶበር ነው። ይህን እንደ ጉድለት ማየት አይገባም፤ ርኅራኄም እንደ ማንኛውም ሰብል ወቅት አለው።

የኬክ ሽያጩ ግን ሰፋ ያለ ምርመራ ይገባዋል። በኦማን ሕግ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ የተከለከለ ስለሆነ ገበያው ከትምህርት ቤቱ አጥር አይወጣም፤ ገዢውና ሻጩ የክፍል ጓደኛሞች ናቸው። የምርት ሂደቱ ሲታይ፣ ዱቄቱን፣ ቅቤውንና ቸኮሌቱን እናት ትገዛለች፤ የቤት ሠራተኛዋ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፣ ዕቃውን ታጥባለች፤ አባት ወይም ሾፌር ያደርሳል፤ ገዢው ከወላጆቹ በተቀበለው ግማሽ ሪያል፣ ማለትም በ500 ባይሳ፣ አንድ ቁራጭ ይገዛል፤ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ይውላል። የሊቀ መንበሩ ድርሻ ከጠረጴዛው ጀርባ መቆም ሲሆን፣ ይህም ሦስተኛው ምሰሶ ነው። እናትየዋ ዱቄት ከመግዛት ይልቅ ገንዘቡን በቀጥታ ብትሰጥ ለበጎ አድራጎቱ የሚደርሰው ሳይበልጥ አይቀርም የሚል አስተያየት በየጊዜው ይሰነዘራል፤ ይህ አስተያየት ግን ከጠረጴዛው ጀርባ የሚቆም ሰው ስለማያስፈልገው ተቀባይነት አላገኘም።

በሙስካት ቤቶች ከሚሠሩት ሴቶች መካከል ኢትዮጵያውያን እንዳሉ አንባቢ ያውቃል፤ ምናልባትም የአንዷ ዘመድ ነው። ከወሎ ወይም ከጎንደር ገጠር የሄደች አንዲት ሴት የማኅበሩን ብራውኒ ስትጋግር ያመሸችበት ሰዓት በየትኛው ቅጽ እንደሚሞላ ለማወቅ ጥናቱ ያደረገው ጥረት አልተሳካም። ቅጹ የአባል ስም ይጠይቃል፤ ለአባልነት ደግሞ አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። በተማሪው ቅጽ ላይ በዚያ ሌሊት ሁለት ሰዓት ተሞልቷል፤ አንዱ ሰዓት ለዝግጅት፣ አንዱ ለሽያጭ። በቅጹ ግርጌ «የተቆጣጣሪ ፊርማ» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ የፈረመችው እናት ናት።

ረመዳን ሲገባ ኬኩ ይቆማል፤ በጾሙ ቀናት በአደባባይ መብላት በሕግ የተከለከለ ነውና። ወሩ በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ የሚሸሽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በኦማን በማርች 1 በመጀመሩ ከማሟያ ወራት መካከል ወድቋል። በእነዚህ ወራት የማኅበሩ እንቅስቃሴ የሚቀዘቅዘው በጾሙ ምክንያት ነው ይባላል፤ ቅዝቃዜው ከኖቬምበር 2 ጀምሮ የሚታይ መሆኑ ግን ይህን ምክንያት በመጠኑ ያዳክመዋል።

ዓመቱ ዳግመኛ ነፍስ የሚዘራው አዲስ አባላት በሚገቡበት ሥነ ሥርዓት ነው። ለአራቱ ምሰሶዎች አራት ሻማ ይበራል፤ የአዳራሹ የእሳት ማንቂያ ንቁ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሻማው በባትሪ ይሠራል፣ ጠባይን የሚወክለውም ባትሪው ቢደክም በሌላ ይተካል። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ንግግር ያደርጋል። ወላጆች በዚህ ንግግር የሚያደምጡት አንድ ወጣት በአንድ ዓመት አመራር ያገኘውን ጥበብ ነው፤ ሊቀ መንበሩ የሚያነበው ደግሞ በኦክቶበር ለዩኒቨርሲቲ የላከውን ድርሰት ነው፤ «እማራለሁ» ይል የነበረው አንድም ቦታ ስላልነበረ የግሥ ጊዜ መለወጥ እንኳ አላስፈለገም። የሚገርመው፣ ከአድማጮቹ መካከል አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ከተናጋሪዎቹም መካከል ጥቂቶቹ፣ ያልኖሩትን ዓመት ሰባት ወር ሙሉ እንደ ኖሩት ሲናገሩ ስለ ከረሙ፣ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ጥናቱ ይህን መንቀጥቀጥ እውነተኛ ነው ብሎ መዝግቦታል፤ ትዝታው ከዓመቱ ቀድሞ መጻፉ ዓመቱ በኋላ እንዳይደርስበት አይከለክልም።

ርክክቡ በሜይ ይፈጸማል። ተረካቢው የሚቀበለው የይለፍ ቃል፣ የጓንት ካርቶንና የሰነዶች ማኅደር ነው፤ በማኅደሩ ውስጥ የቀድሞው ሊቀ መንበር ንግግር አለ፣ ከእርሱ በፊት የነበረውም አለ፣ ሁለቱም በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ማዳመጥን ይማራሉ። ተረካቢው ክረምቱን የሚያነበው ይህን ነው። ሳይዘጋ የሚቀረው የሒሳቡ ነገር ብቻ ነው፤ ከኬኩ ሽያጭ የተረፉ ባለ 25 እና ባለ 50 ባይሳ ሳንቲሞች በገንዘብ ያዡ ዘንድ በብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጠዋል፤ ማን እንደሚቆጥራቸው ባለመወሰኑም ጉዳዩ ለቀጣዩ ስብሰባ ተላልፏል። የስብሰባው ቀን በዋትስአፕ ይገለጻል።