«ሒሳብ ካልሆነለት ቢዝነስ ይግባ» ላሉት

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት ሰፈሩ ሁሉ አማካሪ ነው። ልጁ ውጤቱን በስልኩ አይቶ ሳይጨርስ አጎት ከወዲያ፣ ጎረቤት ከወዲህ ዲፓርትመንት ይመርጡለታል። ምርጫው የአራት ዓመት ዕድሜ ነው፤ ከዚያም ወዲያ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ስኒ ቡና መካከል ጣል በተደረገች አንዲት ቃል ሲወሰን ዝም ማለት አልችልም። የተባለውን እነሆ፤ መልሴን ከሥሩ።

«ሒሳብ አይሆንለትም፤ ቢዝነስ ይግባና ይገላገል» አሉ እትዬ።

እትዬ፣ ልጁን ከድጡ ወደ ማጡ ላኩት እኮ! ኢኮኖሚክስ ቢገባ ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ ቆመው ይጠብቁታል፤ እነሱን ሲያልፍ ኢኮኖሜትሪክስ ይቀበለዋል። አካውንቲንግ ቢገባ ኮስት አካውንቲንግ አለ። ማኔጅመንት ቢገባ ስታቲስቲክስና ኦፕሬሽንስ ሪሰርች አሉ። ማርኬቲንግ ቢሉኝ የገበያ ጥናት ብዙው ቁጥር ነው። ገና በፍሬሽማን ደግሞ ለሶሻል ተማሪ የተዘጋጀ የሒሳብ ኮርስ አለ። ከሒሳብ ሸሽቶ ቢዝነስ የገባ ልጅ ሒሳብን እዚያው ተቀምጦ ያገኘዋል።

«እና ልጁ ይቅርበት?» ካሉኝ፣ አይቅርበት፤ ይጠገን። ብዙውን ተማሪ የሚጥለው ካልኩለሱ አይደለም፤ ከታች የቀረው ፐርሰንትና ክፍልፋይ ነው። አንድ ጥያቄ ልስጥዎት፣ ማታ ይጠይቁት። አንድ ዕቃ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት 2,300 ብር ተሸጠ፤ ከቫት በፊት ዋጋው ስንት ነበር? ከ2,300 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 1,955 ካለዎት አይቆጡት፤ ብዙ ሰው እንደዚያው ነው የሚለው። መልሱ 2,000 ነው፤ ቫቱ የተሰላው ከ2,000ው ላይ ነውና 2,300ን ለ1.15 ማካፈል ነበረበት። ለምን እንደሆነ እስኪገባው ድረስ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፉን ይክፈት። ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ ፈንክሽን፣ ግራፍ። በአንድ ክረምት የሚሠራ ሥራ ነው፤ አስጠኚ ሳይሆን የማያፍር ተማሪ ነው የሚፈልገው።

«ሶሻል የገባ ሰነፍ ነው፤ ጎበዝ ናቹራል ይገባል» አሉ አንድ አባት፣ ያውም ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ።

አባባ፣ ይህን ልጅቷ ፊት ባይሉት ምን ነበረበት! የሚያንገበግበኝ ይህ ንግግር ነው። ስንፍና በቤት ውስጥ የተለጠፈባት ልጅ ፈተና ክፍል የምትገባው ግማሽ ተሸንፋ ነው። የሶሻል ተማሪ የሚገባበት ኮሜርስ፣ ማለትም የአዲስ አበባው ንግድ ትምህርት ቤት፣ በሩን የከፈተው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ወጥታ መንግሥቷን እንደገና ስታቆም ሒሳብ የሚይዝና ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋት ነበርና። በሰነፍ የሚሠራ ሥራ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ባልተከፈተለት!

«ጂኦግራፊና ታሪክ ሸምድጄ አልፋለሁ» አለኝ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ።

ወንድም ዓለም፣ ቁጭ በልና ደምረው። የሶሻል ፈተና ስድስት ትምህርት ነው፣ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ 600። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ ብቻቸውን 300 ይዘዋል፤ እነዚህ ሦስቱ አይሸመደዱም። በ2017 ከ585 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 8.4 በመቶ ነው። ግማሹን ፈተና ለዕድል የተወ ልጅ ከነዚያ ውስጥ እገባለሁ ይላል? ቀን በቀን አንድ የእንግሊዝኛ ምንባብ አንብብ፤ ያነበብከውን በራስህ ቃል ጻፈው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የአካውንቲንጉም የማርኬቲንጉም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉም ፍለጋ ላይ ያደረ ልጅ ጭብጡ ያመልጠዋል።

«አካውንቲንግ ሥራ አያሳጣም፤ ዝም ብለህ እሱን ሙላ» አለ አጎት።

ጋሼ፣ «ዝም ብለህ»ን ያውጡልኝና እስማማለሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ዴቢትና ክሬዲት ያወቀ ሰው ተፈልጎ ይቀጠር ነበር። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች የሒሳብ ሪፖርታቸውን አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሪፖርት መስፈርት እንዲያዘጋጁ አስገድዷል፤ ቀጣሪውም አይኤፍአርኤስ ታውቃለህ ወይ፣ ኤክሴል ትሠራለህ ወይ፣ ፒችትሪ ነክተሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዲግሪው ላይ ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የአካውንታንት ብቃት ማረጋገጫ የጨመረ ደግሞ ሌላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ልጁ ይህን መንገድ ለመሄድ ትዕግሥት አለው? ሚዛኑ በአንድ ብር አልገጥም ሲለው ያቺን ብር ሳያገኝ የማይነሣ ዓይነት ነው? ከሆነ ይሙላ፤ እኔም አጨብጭቤ እሸኘዋለሁ። ቁጥር ፊት አሥር ደቂቃ መቀመጥ የሚያቅበጠብጠው፣ ሰው ጋ ሲሆን ግን ፊቱ የሚበራ ልጅ ከሆነ፣ ጋሼ፣ የማርኬቲንግን ቅጽ ያቀብሉት።

«ማኔጅመንት ግቢ፤ ቀላል ነው» አላት አንዱ ሲኒየር።

ለማን ነው የቀለለው? ከ2015 ጀምሮ በመንግሥትም በግልም የተማረ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከእነዚያ ከወደቁት መካከል አራት ዓመት ሙሉ «ቀላል ነው» ሲባል የከረመ አይጠፋም። ማኔጅመንት የሰውን ሥራ፣ ገንዘብን፣ ምርትንና ሕግን አንድ ላይ የሚያይ ትምህርት ነው፤ አንብቦ የሚከራከር ተማሪ ይፈልጋል። ሃንድአውት ብቻ ይዞ የሚያልፍ የለም።

«ሎጂስቲክስ? የሹፌር ትምህርት ነው እንዴ?» አለ ጎረቤት።

ጎረቤቴ፣ ያንን ማቀዝቀዣህን ማን ያመጣልህ መሰለህ? አገራችን ወደብ የላትም፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ያልፋል፣ ብዙው ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል። ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን ካለፈ ክፍያው በየቀኑ ይቆጠራል፤ ያቺ ክፍያ አንተ የምትገዛው ዕቃ ዋጋ ላይ ትወጣለች። ባንክ ሄዶ ኤልሲ (የገቢ ዕቃ ክፍያ ዋስትና) የሚከፍተውን፣ ጉምሩኩን የሚጨርሰውን፣ መኪናውን ከመርከቡ መድረሻ ጋር የሚያገናኘውን ሰው ማሠልጠን ለዚህች አገር ከባድ ቁም ነገር ነው። ልጅህ ይህን ከጠየቀህ አትሳቅበት፤ ኮሜርስ ሄዶ የኮርሱን ዝርዝር እንዲያይ የታክሲ ስጠው።

«ልጄ ባንክ ትቀጠርልኛለች» አሉ እናት።

እማማ፣ ይቅናት። ግን የሚያስቧት መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ብር ስትቆጥር ከሆነ፣ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ ስንቱን ሰልፍ ወደ ስልክ እንደወሰደው እርስዎም ያውቃሉ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል፤ በጥር 2017 የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፍቷል። አሁን የሚፈለገው የአንድን ኩባንያ የሒሳብ መግለጫ አንብቦ «ለዚህ ኩባንያ ማበደር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም» የሚለውን በማስረጃ የሚናገር ሰው ነው። ፋይናንስ ትማር፣ ኢኮኖሚክስ ትማር፤ ሕልሟን ግን በመስኮቱ ልክ አይቁረጡባት።

«ፍሬሽማን ማረፊያ ነው» የሚለኝማ ብዙ ነው።

ያረፈ ሰው ዲፓርትመንት ሲደለደል የተረፈውን ይወስዳል። የአንደኛ ዓመት ግሬድ ወረፋው ውስጥ ይቆጠራል።

«ጓደኞቼ የሞሉትን ነው የምሞላው» አለችኝ አንዷ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

እህት ዓለም፣ ጓደኞችሽን ውደጃቸው፤ ፈተና ግን አይፈተኑልሽም። ይልቅ እንዲህ አድርጊ። ያሰብሻቸውን የሦስት ዲፓርትመንቶች የኮርስ ዝርዝር ፈልጊ፤ ከየአንዳንዳቸው አንድ የሁለተኛ ዓመት መጽሐፍ ተዋሺና አንድ ምዕራፍ አንብቢ፤ መጨረሻው ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ሥሪ። የትኛው ምዕራፍ ሰዓቱን አስረሳሽ? የቱስ እንቅልፍ አመጣብሽ? ቀጥሎ ሁለት ሰው ጠይቂ፦ ትምህርቱን አሁን የሚማር አንድ፣ ተመርቆ ሥራ የያዘ አንድ። «ጥሩ ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይልሻል። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ?» ብለሽ ጠይቂ። ሲመልስልሽ ራስሽን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጪና እዪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካማረሽ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣልና ማመልከቻው የሚከፈትበትን ቀን ከአሁኑ ተከታተዪ።

«ኮሌጁ ሕንጻው ያምራል፤ ማስታወቂያውንም በቲቪ አይቼዋለሁ» አለች እኅቴ፣ የልጇን ክፍያ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ።

እኅቴ፣ ቦርሳሽን ዝጊ። ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም፤ ለፕሮግራሙ፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ነው የሚሰጠው። ሬጅስትራሩ ጋ ቆመሽ «ለዚህ ትምህርት፣ በዲግሪ፣ በዚህ ካምፓስ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጣችሁ የጸና ፈቃድ የታለ?» በይ። ካሳዩሽ ቁጥሩን ጽፈሽ ባለሥልጣኑ ጋ አጣሪ። ከዚያ «ባለፈው ዓመት ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ተፈትኖ ስንት የመውጫ ፈተና አለፈ?» በይ። መልሱ ላይ ከተንተባተቡ ብሩን ይዘሽ ተመለሺ። ልጅሽ አራት ዓመት ተምሮ ሰነዱ አይታወቅም ቢባል ያን ዕድሜ የሚመልስ ቢሮ የለም።

«እኔ ምን አጣሁ፤ የአባቴ ሱቅ አለ፣ እነግዳለሁ» አለ የመጨረሻው፣ ደረቱን ነፍቶ።

ንገድ፣ የኔ ልጅ! አባትህ ያቆመውን ሱቅ መያዝ የሚያኮራ ነው። ግን ዛሬ ማታ ደብተሩን ክፈትና ያለፈውን ወር አስላ፦ የተገዛበትን፣ ኪራዩን፣ መብራቱን፣ የተበላሸውን፣ በዱቤ ወጥቶ ያልተመለሰውን፣ አባትህ ለራሱ ያልከፈለውን ደመወዝ ሳይቀር። የትኛው ዕቃ ሱቁን እንደሚያቆመው፣ የትኛው እንደሚበላው ለይተህ ካወቅህ ግማሹን ትምህርት ሱቁ አስተምሮሃል። ካላወቅህ ቀን ሱቅ፣ ማታ ክፍል ይሁን፤ በኤክስቴንሽን የሚሰጥ የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ፕሮግራም አለ። ምዝገባው ሲከፈት የ12ኛ ክፍል ውጤትህንና ትራንስክሪፕትህን ይዘህ ሂድ፤ ዋናውንም ኮፒውንም።