ማሽኑን ገዛኸው ወይስ ገዛህ?

«ያገለገለ ሪች ስታከር፣ ኮንቴይነር ማንሻ፣ ገዛሁ! ዋጋው ግማሽ፣ ቀለሙ ጨረቃ!» ይላል ወዳጃችን። ወዳጄ፣ ቀለሙን አየህ እንጂ ቀለም አልቆጠርክም። 70 ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት በቀለሙ የሚገዛ ካንተ ሌላ ማን አለ? ቀለም መቀባት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ስንጥቅ ደግሞ ቀለም ለብሶ መተኛት ይወዳል፤ የሚነቃው ኮንቴይነር ሲሸከም ነው። ቡሙን፣ ያን የሚዘረጋውን ክንድ፣ በእጅህ ስትዳብስ የብየዳ ጉብታ ካገኘህ «ማን በየደው? ለምን በየደው?» በል። ሻጩ ከተንተባተበ መልሱን ሰጥቶሃል።

«ሰዓቱም ትንሽ ነው፤ 3,000 ብቻ!» ዕድሜውስ? «15 ዓመት።» እናንተ የቆማችሁ አብራችሁኝ አካፍሉ። በዓመት 200 ሰዓት ማለት ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ገደማ! በቀን ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የሚተኛ ማሽን ያለበት ወደብ የቱ ነው? እኔም ልቀጠር! ሥራ ያለበት ወደብ ላይ በዓመት 2,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ መሥራት የተለመደ ነው። ቆጣሪ ይዋሻል፣ ፔዳል አይዋሽም። የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ አልቆ ብረቱ ካንጸባረቀ፣ የወንበሩ ስፖንጅ ተቦጭቆ ከወጣ፣ 3,000 ሰዓት የሠራው የደላላው ምላስ ነው።

«ቢሆንስ? 45 ቶን ያነሳል!» ለካ ሳትለካ ነው የገዛኸው! 45ቱ ለመጀመሪያው ረድፍ ነው፤ ቡሙ ተሰብስቦ፣ ጭነቱ አፍንጫው ሥር ሆኖ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሲዘረጋ 30 ገደማ፣ ሦስተኛው ላይ 15 አካባቢ ይቀራል፤ ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። እስከ አፉ የተሞላ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ደግሞ 30 ቶን ሊደርስ ይችላል። ያንን ሦስተኛ ረድፍ ላይ አኑር ብለህ ስታዘው የኋላ ጎማው መሬቱን ይሰናበታል። ማሽኑ ኮንቴይነሩን ሊያነሳ ሄዶ ኮንቴይነሩ ማሽኑን አነሳው!

ይህ እንዳይሆን ከልክ ያለፈ ጭነት ሲመጣ ሥራውን የሚያስቆም መከላከያ ተገጥሞለታል። ሻጩ «እሱ ያስቸግራል፣ በሽቦ ቀጥታ አገናኝተነዋል» ካለህ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ግቢው ውስጥ የሚያስተናብር ረዳት አለ፣ ልጆች ያሉት። ኦፕሬተሩም እናት አለችው። መያዣውንም እይ፤ ቡሙ ጫፍ ላይ ያለው ስፕሬደር ኮንቴይነሩን የሚይዘው በአራት መቆለፊያ፣ በትዊስት ሎክ ነው። አራት! ያን ሁሉ ቶን አንጠልጥለው የሚይዙት እነሱ ናቸው። አንተ ግን የሬድዮውን ድምፅ ጠየቅክ እንጂ ከአራቱ አንዱን እንኳ ጎንበስ ብለህ አላየህም።

«በቪዲዮ አይቼዋለሁ እኮ!» ፎቶ ተነሳ፣ ዋጋ ተነሳ፣ የባንክ ብድር ጥያቄ ተነሳ። ያልተነሳው ኮንቴይነሩ ብቻ ነው! ሻጩ የተሞላ ኮንቴይነር ከፍ አድርጎ ሞተሩን ያጥፋልህ። ሲሊንደሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግና ጠብቅ። ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ቡሙ ወርዶ ከሆነ የሲሊንደሩ ጎሚኒ አልቆ ሊሆን ይችላል። ዋጋውም አብሮ ይውረድ።

«አይ፣ ተጭኗል፣ ጅቡቲ ደርሷል።» ገና መጀመሪያህ ነው! እንዲህ ያለ ማሽን ብዙ ጊዜ ተፈታትቶ ነው የሚጓዘው፤ ቡሙ ለብቻ፣ ስፕሬደሩ ለብቻ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ለመገጣጠም ክሬን ትከራያለህ። ለማንሻው ማንሻ! ማሽኑ ባህር ዳርቻ ላይ አርጅቶ ከሆነ ጨው የሽቦውን ማያያዣ በልቶታል፤ ክፈተውና አረንጓዴውን ዝገት ተመልከት። ያን የሚያህል ማሽን በአንዲት ቀጭን ሽቦ ምክንያት ሥራ ያቆማል። የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ሲቃጠል መለዋወጫው ከባህር ማዶ ይመጣል፤ እስኪመጣ የደንበኛው ኮንቴይነር ቆሞ ዲመሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል። «ገዛሁት» ትላለህ? እሱ ነው የገዛህ! ጠዋት ጎማ አምጣ ይልሃል፣ ማታ ዘይት ጨምር ይልሃል፣ አንተም እሺ ጌታዬ ትላለህ። ሞጆ ላይ የቆመው ደረቅ ወደብ ነበር፤ አሁን ደረቅ ኪስም ተጨመረበት።

«እና አዲስ ግዛ ነው የምትለኝ?» ማን አለህ! ደህና ያገለገለ ማሽን አለ፤ እኔም እመርጠዋለሁ። የጥገና መዝገቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሟላ፣ ባለቤቱ አንድ፣ የሻሲ ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር የሚገጥም፣ ጎሚኒና ማጣሪያው እዚህ አገር የሚገኝ። ገጣጣሚውም አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ የሚገኝ መካኒክ ይሁን፤ «ጀርመን ያለ ጓደኛዬ ያውቃል» የሚል አይደለም። ለምርመራ መካኒክ ልከህ የምታወጣው ገንዘብ አይቆጭህ፤ የሚቀየር ጎማ እንኳ ፊት ለፊት ብቻ አራት ነው፣ ቁጠራቸው!

ስለዚህ ሌላ ማሽን ስትገዛ ሳይነጋ ሂድ፤ ሻጩ ከመድረሱ በፊት ድረስ። ሞተሩን በእጅህ ዳብስ። ሞቆ የጠበቀህ ሞተር የደበቀብህ ነገር አለ። ከቀዘቀዘ ግን «አስነሳው» በል፤ ጭሱንም እይ። እሱ ካልተነሳ አንተ ተነስ!